የሒሳብ ፕሮግራሞች የውስጥ ክፍል ስለሚፈተንበት ዘዴ

በኦክቶበር ወር 2015 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ዳልሜሊንግተን በተባለች አነስተኛ ከተማ ለሚገኝ የፖስታ ቤት ንኡስ ቅርንጫፍ 8,000 ፓውንድ በከረጢት ታሽጎ ተላከ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ተብሎ ካልተገለጠ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ገንዘቡን የተረከቡት ሠራተኛ የከረጢቱን ምልክት በመሣሪያው ካስነበቡ በኋላ ደረሰኝ ለማተም ቁልፉን ተጫኑ፤ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የነበረው ጽሑፍ ግን መጥፋት ሲገባው ባለበት ቀረ። እርሳቸውም ማንኛውም ሰው እንደሚያደርገው፤ ትእዛዙ አልደረሰ ይሆናል በማለት ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑት። ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዱ መጫን አዲስ 8,000 ፓውንድ እንደ ገባ አድርጎ ይመዘግብ ነበር። አራት ጊዜ በመጫናቸው 32,000 ፓውንድ ተረክበዋል ተብሎ ተጻፈ፤ በካዝናው ውስጥ የገባው ግን 8,000 ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ አነጋገር 24,000 ፓውንድ ጎደለ።

በዚህ ነገር ውስጥ ሌባ የለም፤ አጭበርባሪም የለም። ጉዳዩ በተመረመረ ጊዜ እንደ ተደረሰበት፤ መሣሪያው ጥቂት ጊዜ ያለ ሥራ ቆይቶ ራሱን ከዘጋና እንደ ገና ከተከፈተ በኋላ፤ አንድ ያልተጠናቀቀ ትእዛዝ በውስጥ ባለው የትእዛዝ ክምር ላይ ሳይነሣ ይቀር ነበር። ከላይ በሚታየው መስኮት በኩል ይህን ለማወቅ የሚያስችል ምንም ምልክት አልነበረም። ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው ኩባንያ መዝገቡን ወደ ኋላ ሲመረምር ይኸው ስሕተት በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በ88 ቅርንጫፎች 112 ጊዜ ደርሶ እንደ ነበር ተገለጠ።

ይህ የብሪታንያ ፖስታ ቤት የሒሳብ ፕሮግራም ሆራይዘን ይባላል። በየቅርንጫፉ መተከል የጀመረው በ1999 ሲሆን፤ ከሚጠቀሙበት ሰዎች አብዛኞቹ በመንደር ሱቃቸው አንድ ጥግ የፖስታ አገልግሎት ጨምረው የሚሠሩ ባለ ሱቆች ናቸው። የጎደለውንም ሒሳብ ከራሳቸው ኪስ እንዲተኩ ይጠየቁ ነበር። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ900 የሚበልጡ ሰዎች የዚህ ፕሮግራም መዝገብ ማስረጃ ሆኖባቸው፤ በሌብነት ወይም በማጭበርበር ወይም መዝገብ በማዛባት ተፈረደባቸው። ሱቃቸውን ያጡ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ ወህኒ ቤት የገቡም ብዙዎች ናቸው። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2019 በሰጠው ፍርድ በፕሮግራሙ ውስጥ ሒሳብ ሊያጎድሉ የሚችሉ ስሕተቶች እንደ ነበሩ አረጋገጠ፤ በሜይ 2024ም የብሪታንያ ፓርላማ የጥፋተኝነት ፍርዶቹን በአንድነት የሚሽር ሕግ አወጣ።

በፍርድ ቤቱ ፊት ከተዘረዘሩት ስሕተቶች ሌላው ፎልከርክ በምትባል ከተማ ካለው ከካለንደር ስኩዌር ቅርንጫፍ ስሙን ያገኘ ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ከአንድ በላይ የሒሳብ መሣሪያዎች ሲኖሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያየው መዝገቡን የሚያመላልስ ከሥር የተቀመጠ ክፍል ነበረ። ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉ፤ የሚጽፈው መሣሪያ መዝገቡን ይቆልፋል፤ ጽፎም ሲጨርስ ይከፍታል። ይህ ቁልፍ አልፎ አልፎ ሳይከፈት ይቀር ነበር። በዚህ ጊዜ በአንደኛው መሣሪያ ላይ የተደረገው ዝውውር በሁለተኛው ላይ አይታይም፤ ሠራተኛው አልተደረገም ብሎ ሁለተኛ ያደርገዋል፤ ሒሳቡም ይዛባል። ከ2000 ጀምሮ የነበረው ይህ ስሕተት የታረመው በ2006 ነው።

እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመሳሰሉበት ምክንያት ስሕተቱ የተደበቀበት ቦታ ነው። ማንኛውም ትልቅ ሶፍትዌር ፎቅና ምድር ቤት እንዳለው መጋዘን ሊታሰብ ይቻላል። ባለ ሱቁ የሚያየው የላይኛውን ክፍል ነው፤ ይኸውም የዕቃው ስም፣ ዋጋውና ደረሰኙ የሚታይበት መስኮት ነው። ከዚያ በታች ታክስ የሚያሰላ፣ ከክምችት የሚቀንስ ክፍል አለ። ከሁሉም በታች ቁጥሩን ወስዶ በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ሁለት ጸሐፊዎች ሲገናኙ ተራ የሚያስይዝ፣ ለየሥራው የሜሞሪ ቦታ የሚያከፋፍል ክፍል ይገኛል። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ደንበኛ አይነካውም፤ ሻጩም ሲያስተዋውቅ አይጠራውም፤ ብዙ ጊዜም ፕሮግራሙን የሸጠው ድርጅት ራሱ የሠራው ሳይሆን ከሌላ የወሰደው ነው። ሆኖም ከላይ ያለው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

የቡና ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ፍሬ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም። ጆንያውን በሹል ቱቦ ወግቶ ከመካከሉና ከሥሩ ጥቂት ፍሬ ያወጣል፤ ከዚያም ቆልቶና አፍልቶ ያስቀምሳል። የሶፍትዌርም ፈተና በሁለት መንገድ ሊደረግ ይቻላል። አንደኛው ደንበኛው እንደሚያደርገው ከላይ ቁልፍ እየተጫኑ ውጤቱን መመልከት ነው። ሁለተኛው እስከ ምድር ቤቱ ወርዶ እያንዳንዱን ትንሽ ክፍል ለብቻው፤ ተለይቶ በተዘጋጀ ጥያቄ መመርመር ነው። የመጀመሪያው ቀላልና ለማየትም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም።

የማይበቃበት ምክንያት በሒሳብ ሊታይ ይችላል። አንድ ፕሮግራም ሥራውን ሲያካሂድ በየቦታው «ይህ ከሆነ በዚህ ሂድ፤ ካልሆነ በዚያ» የሚሉ መንታ መንገዶች ያጋጥሙታል። አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ 30 መንታ መንገድ ብቻ ያለው ፕሮግራም ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚሄድባቸው መንገዶች ቁጥር ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። በአንድ የሒሳብ ፕሮግራም ውስጥ ያሉት መንታ መንገዶች ደግሞ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ቁልፍ የሚጫን ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢሠራ ከነዚህ ውስጥ እጅግ ጥቂቱን ብቻ ያያል፤ የሚያየውም ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚሄድበትን ሰፊውን ጎዳና ነው። ስሕተት ግን የሚቀመጠው ሰው በማይሄድበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ዲስኩ ሲሞላ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሜሞሪ ሲያልቅ፣ ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች በአንዲት ሰኮንድ ውስጥ አንድ ዕቃ ሲሸጡ ነው። ከዚህም በላይ ከሥር የተፈጠረ ስሕተት ወዲያውኑ አይታይም። ዛሬ የተዛባው ቁጥር የሚገለጠው በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ፤ ምናልባትም ኦዲተር ሲመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ምክንያቱን ማን ያስታውሳል?

ይህን የውስጥ ክፍል በጥንቃቄ ከሚፈትኑት ድርጅቶች መካከል በግልጽ የሚታወቀው ኤስኪውላይት የተባለው የመዝገብ ፕሮግራም ነው። ስሙ በነጋዴ ዘንድ እንግዳ ይሁን እንጂ፤ ፕሮግራሙ ግን በነጋዴው ኪስ ውስጥ አለ። በየአንድሮይድና በየአይፎን ስልክ ውስጥ፣ በኢንተርኔት መመልከቻ ፕሮግራሞች ውስጥ፣ በብዙ የሽያጭ መሣሪያዎች ውስጥ መዝገብ የሚይዘው እርሱ ነው። ሥራውን የጀመሩት ሪቻርድ ሂፕ የተባሉት አሜሪካዊ በ2000 ነው። በዚያን ጊዜ ለአሜሪካ የባሕር ኃይል የጦር መርከብ በሚሠራ ፕሮግራም ላይ ተሰማርተው ነበር፤ ትልቁ የመዝገብ ሰርቨር በተቋረጠ ቁጥር የእርሳቸው ፕሮግራም ሥራ ስለሚፈታ፤ ያለ ሰርቨር በራሱ የሚቆም ትንሽ የመዝገብ ክፍል ለመሥራት አሰቡ። የተሠራውም ፕሮግራም ለሕዝብ ሁሉ በነጻ ተለቀቀ፤ ዛሬም ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት ይችላል።

የኤስኪውላይት ኮድ ወደ 156 ሺህ መስመር ነው። እርሱን ለመፈተን የተጻፈው ኮድ ግን ወደ 92 ሚሊዮን መስመር ይደርሳል፤ ይኸውም 590 እጥፍ ማለት ነው። አንድ ኩንታል እህል ለመመዘን 590 ኩንታል የሚያህል የሚዛን ድንጋይ እንደ ማከማቸት ይመስላል። ሥራው ግን እንዲያው ብዛት ለማሳየት የተደረገ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዓይነት ፈተና ራሱን የቻለ ምክንያት አለው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የሜሞሪ ፈተና ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ሲሠራ ከኮምፒዩተሩ የሜሞሪ ቦታ እየጠየቀ ይወስዳል። ቦታ ተጠይቆ «የለም» የሚል መልስ የሚመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ስለ ሆነ፤ አብዛኞቹ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህ መልስ ሲመጣ የሚደረገውን ነገር ወይ ጨርሶ አይጽፉትም፤ ወይ ጽፈው አይሞክሩትም። የኤስኪውላይት ፈታኞች ስለዚህ ቦታ አከፋፋዩን በሌላ ሐሰተኛ አከፋፋይ ይተኩታል። ይህ ሐሰተኛ አከፋፋይ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ «የለም» ይላል፤ ፕሮግራሙም ሥራውን በሥርዓት አቋርጦ መዝገቡን ሳያበላሽ መውጣቱ ይመረመራል። ከዚያ ሥራው እንደ ገና ይጀመርና በሁለተኛው ጥያቄ ላይ «የለም» ይባላል፤ ቀጥሎም በሦስተኛው፣ በአራተኛው፤ እንዲህ እያለ ሥራው ያለ አንዳች እንቅፋት እስኪፈጸም ድረስ ይደገማል። ዲስክ ላይ ሲጻፍ የሚደርስ እክልም በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ ይሞከራል።

ቀጥሎ ያለው የመብራት መጥፋት ፈተና ነው፤ ለባለ ሱቆችም ከሁሉ የቀረበው ይህ ነው። አንድ ሽያጭ ሲመዘገብ ቢያንስ ሁለት ነገሮች አብረው መጻፍ አለባቸው፤ ዕቃው ከክምችት ይቀነሳል፤ ገንዘቡ በገቢ ይደመራል። የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ውሸታም ይሆናል። ኤስኪውላይት ለዚህ መፍትሔው፤ ከመጻፉ በፊት የነበረውን አሮጌ ገጽ በሌላ መዝገብ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው፤ ሥራው ከተቋረጠ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ጊዜ አሮጌው ገጽ ተመልሶ ይተካል። ነገር ግን ይህ ዘዴ በእውነት የሚሠራ መሆኑ በምን ይታወቃል? በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የኮምፒዩተር ሽቦ መንቀል አይቻልም። ስለዚህ ፈታኞቹ ሐሰተኛ ዲስክ ያዘጋጃሉ። ፕሮግራሙ በመጻፍ ላይ ሳለ በድንገት ይገደላል፤ ሐሰተኛው ዲስክም ገና ያልጸናውን ጽሑፍ ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል፤ ከፊሉን ይጥለዋል፤ ከፊሉንም በማይረባ ነገር ይሞላዋል፤ እውነተኛ ዲስክ በእውነተኛ የመብራት መጥፋት ጊዜ ሊያደርግ እንደሚችለው ማለት ነው። ከዚያ መዝገቡ ይከፈትና ሥራው ወይ በሙሉ መጻፉ ወይ በሙሉ አለመጻፉ ይረጋገጣል። ግማሽ ከተገኘ ፈተናው ወደቀ።

መንታ መንገዶቹን በተመለከተ፤ ለሲቪል አውሮፕላን ፕሮግራሞች የወጣውን ደንብ ተከትለው፤ በፕሮግራሙ ዋና ክፍል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መታጠፊያ በሁለቱም አቅጣጫ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲኬድበት፤ ከዚያም አልፎ በአንድ ውሳኔ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሁኔታ ለብቻው ውጤቱን ሊለውጥ መቻሉ እንዲታይ ያደርጋሉ። ይህ ማለት መንገዶቹ ሁሉ ተሄዱ ማለት አይደለም፤ ያ የማይቻል ነው። ቢሆንም በከተማው ውስጥ አንድም መታጠፊያ ሳይታይ አልቀረም ማለት ነው።

ተቆጣጣሪውንስ ማን ይቆጣጠረዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፤ ለዚህም መልስ አላቸው። በፕሮግራሙ ውስጥ ሆን ተብሎ ስሕተት ይገባል፤ አንዱ መታጠፊያ ተዘግቶ መንገዱ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ እንዲሄድ ይደረጋል። ከዚያ ፈተናው ሁሉ ይካሄዳል። ስሕተቱ ከተያዘ ፈተናው ነቅቷል፤ ስሕተቱ ሳይታወቅ ካለፈ ግን ጉድለቱ ያለው በፈተናው ላይ ነውና አዲስ ፈተና ይጻፋል። የሚዛን ተቆጣጣሪን ንቃት ለማወቅ የጎደለ የሚዛን ድንጋይ ደብቆ እንደ ማስቀመጥ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ደንበኛ ስሕተት ባመለከተ ጊዜ፤ ስሕተቱን ማረም ብቻውን ሥራው እንዳለቀ አይቆጠርም፤ ያንኑ ስሕተት ሊያሳይ የሚችል ፈተና ተጽፎ ከነባሮቹ ጋር ለዘለቄታው መጨመር አለበት። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ የታረመ ጥፋት ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ ሊገባ አይችልም።

በንግድ ዓይን ሲታይ የሚያስገርም ነገር አለ። ፕሮግራሙ ራሱ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፤ ከፈተናዎቹ ውስጥ ዋናው ግን በነጻ አይሰጥም። ፕሮግራሙን በአውሮፕላን ወይም በሌላ አስጊ መሣሪያ ውስጥ የሚያስገቡ ድርጅቶች ያንን ፈተና በክፍያ ፈቃድ ያገኙታል። ስለዚህ ሸቀጡ በነጻ፤ የጥራት ምስክር ወረቀቱ በዋጋ ሆኗል ማለት ነው። ሥራውን የሚያካሂዱትም ጥቂት ሰዎች ብቻ መሆናቸው ፈተና የትልልቅ ድርጅቶች ቅንጦት ነው የሚለውን አባባል የሚያፈርስ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ስሕተት አይጠፋም። በዲሴምበር 2018 ቴንሰንት የተባለው የቻይና ኩባንያ ተመራማሪዎች በኤስኪውላይት የጽሑፍ መፈለጊያ ክፍል ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ እንደ ተገኘ አስታወቁ፤ ቀዳዳውም በቶሎ ተደፈነ። እንዲህ ያለውን ለማግኘት የሚረዳው ሌላ ዓይነት ፈተና ነው፤ ይኸውም ትርጉም የሌለው የተዘበራረቀ ጽሑፍ በሚሊዮን በሚቆጠር ዓይነት እየለዋወጡ ፕሮግራሙን መመገብ ነው። ሰው ፈተና ሲጽፍ ሰው የሚያስበውን ነገር ብቻ ይጽፋል፤ ይህ መሣሪያ ግን ሰው የማያስበውን ያመጣል። የኤስኪውላይት ባለሙያዎች ሁለቱ ዘዴዎች እርስ በርሳቸው እንደሚጋፉም ይናገራሉ፤ መታጠፊያውን ሁሉ ለመሙላት የሚደክም ፕሮግራም ጸሐፊ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚጻፈውን የመከላከያ ኮድ ይቀንሳል፤ የተዘበራረቀውን ጽሑፍ የሚመክተው ግን ያ የተቀነሰው ኮድ ነው።

ፈተና ያልተደረገበት የውስጥ ክፍል ምን እንደሚያስከትል ከታዩት ሁሉ በንግዱ ዓለም ዘንድ ይበልጥ የተሰማው የ2014ቱ የኦፕንኤስኤስኤል ጉዳይ ነው። ይህ ክፍል በኢንተርኔት የሚተላለፈውን የክፍያና የይለፍ ቃል ምሥጢር የሚጠብቅ ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች ግንኙነታቸው አለመቋረጡን ለማወቅ አንዱ ጥቂት ፊደላት ይልካል፤ «የላክሁት ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥሩን ይናገራል፤ ሌላውም ያንኑ መልሶ ይሰጣል። የውስጡ ክፍል ግን የተነገረውን ቁጥር ከተላከው ጋር ሳያመሳክር ያምን ነበር። አንድ ፊደል ልኮ 64 ሺህ ልኬአለሁ ለሚል ሰው፤ የጎደለውን ከጎን ካለው ሜሞሪ፤ ማለት የሌሎች ደንበኞች ምሥጢር ካለበት ቦታ እየሞላ ይሰጠዋል። አንድ ቁምጣ ጨርቅ አስቀምጦ አንድ ጣቃ አስቀምጫለሁ ላለ ሰው ዕቃ ጠባቂው ከሌላው መደርደሪያ ጨምሮ እንደ መስጠት ነው። ስሕተቱ በማርች 2012 በወጣው እትም ገብቶ እስከ ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ድረስ በአደባባይ ሳይታወቅ ቆየ። ለዚያች ትንሽ ክፍል ብቻ «ቁጥሩና ዕቃው ባይስማሙ ምን ታደርጋለህ?» የሚል አንድ አጭር ፈተና ተጽፎላት ቢሆን ይበቃ ነበር።

የውስጡን ክፍል በቀጥታ መፈተን ይሻላል ወይስ ሁልጊዜ በፊት ለፊቱ በር በኩል መግባት በሚለው ላይ በባለሙያዎች መካከል ክርክር አለ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። በቀጥታ ውስጥ የሚገባ ፈተና ስሕተቱ ያለበትን ቦታ በጣት ጠቁሞ ያሳያል፤ ነገር ግን የውስጡ አሠራር በተሻሻለ ቁጥር ፈተናውም አብሮ ስለሚፈርስ፤ ሠራተኛው ቤቱን ከማደስ ይልቅ መወጣጫውን ሲጠግን ይውላል። ከላይ የተጠቀሰው የኤስኪውላይት ዋና ፈተና ይህን በመሸሽ ለሕዝብ በታወቁት በሮች ብቻ እየገባ፤ እጅግ ጥልቅ የሆኑትን መታጠፊያዎች ግን ሐሰተኛ ዲስክንና ሐሰተኛ አከፋፋይን በመጠቀም ይደርስባቸዋል። በአንጻሩ ሊኑክስ የተባለው ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ያለው ግዙፍ ሥራ፤ ከ1991 ጀምሮ ሲያድግ ቆይቶ፤ የውስጥ ክፍሎቹን አንድ በአንድ የሚፈትን ኬዩኒት የተባለ የጋራ መሣሪያ ከራሱ ጋር የጨመረው በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። ሊኑክስ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች የሚጻፍ፤ ከብዙ ዓይነት መሣሪያ ጋር የሚገናኝ ስለ ሆነ፤ ሁሉን በፊት ለፊቱ በር ብቻ መድረስ አይቻለውም። ለትንሽ ሥራ የመጀመሪያው፤ ለትልቅ ሥራ ደግሞ ሁለቱም መንገዶች ያስፈልጋሉ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ፈተናው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ሲስተም በተሻሻለ ቁጥር የቆየው ፈተና ሁሉ እንደ ገና መካሄድ አለበት። ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በነበረው ሌሊት፤ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩ በገለጠው መሠረት የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን፤ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ምክንያቱም ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሲስተም ላይ ከሚደረግ የማሻሻልና የቁጥጥር ሥራ ጋር የተያያዘ እንደ ነበር ባንኩ አስታውቋል።

ነጋዴው የሽያጭ ወይም የክምችት ፕሮግራም ሲገዛ ኮዱን ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ሻጩን መጠየቅ ግን ይችላል። መዝገቡን የሚይዘው የውስጥ ክፍል የማን ሥራ ነው? እናንተ በጻፋችሁት ክፍል ላይ ፈተና ተጽፎአል ወይስ በእጅ ብቻ ተሞክሮአል? ባለፈው ዓመት ደንበኛ ያመለከተው ስሕተት ተመልሶ እንዳይመጣ ምን አድርጋችኋል? መስኮቱን እያሳየ ስለ ቀለሙና ስለ ፍጥነቱ ብዙ የሚናገር፤ እነዚህ ጥያቄዎች ሲቀርቡለት ግን ወሬ የሚለውጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ውል በሚፈረምበትም ጊዜ፤ ሒሳብ ጎድሎ ቢገኝ የፕሮግራሙ የውስጥ መዝገብ ለነጋዴው እንዲገለጥለት የሚያስገድድ አንቀጽ ማስገባት ይገባል፤ የብሪታንያ ባለ ሱቆች ለብዙ ዓመታት የተነፈጉት ይህንኑ ነበር።

ከመክፈል በፊትም በሱቁ ውስጥ ሊደረጉ የሚችሉ ጥቂት ሙከራዎች አሉ። አንድ ሽያጭ በመመዝገብ ላይ ሳለ የኮምፒዩተሩን ሽቦ ነቅሎ፤ እንደ ገና ሲከፈት ክምችቱና ገንዘቡ መስማማታቸውን ማየት፤ በመጋዘን የቀረውን የመጨረሻ ዕቃ በሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ መሸጥ፤ የደረሰኝ ወረቀት ሲያልቅ ቁልፉን ሦስትና አራት ጊዜ ተጭኖ ሽያጩ ስንት ጊዜ እንደ ተመዘገበ መቁጠር፤ መሣሪያውን ያለ ሥራ ትቶ ራሱን ከዘጋ በኋላ ያንኑ መድገም ነው። ዳልሜሊንግተን የደረሰው ስሕተት በመጨረሻው ሙከራ ሊታይ የሚችል ዓይነት ነበር።

አንድ ነገር ግን በማንኛውም የሶፍትዌር ፈተና አይድንም። አንዳንድ ዋጋቸው ርካሽ የሆኑ ዲስኮችና የኪስ ፍላሾች ገና ሳይጽፉ «ጽፌአለሁ» ብለው ለፕሮግራሙ ይመልሱለታል፤ ፕሮግራሙም አምኖ ወደሚቀጥለው ሥራ ይሄዳል። በዚያ ቅጽበት መብራት ቢጠፋ የተሻለው የመዝገብ ፕሮግራም እንኳ ሊያድነው አይችልም። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ባለ ሱቅ፤ የሒሳብ መዝገቡን በኪስ ፍላሽ ላይ ከማኖር ተቆጥቦ፤ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ ኃይል የሚሰጥ ዩ.ፒ.ኤስ. ቢያስገባ፤ የቀኑንም መዝገብ ማታ ማታ ገልብጦ ከሱቁ ውጭ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።